የሕፃን ጋሪና የአያት ጀርባ

ሰው ለልጁ ዕቃ ለመግዛት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ዐይኑ ከልቡ ይቀድማል። ቀለሙን ያያል፤ ጨርቁን ይዳብሳል፤ ጎረቤት ምን እንደሚል ያስባል። ዕቃው የሚሄድበትን መንገድና ዕቃውን የሚይዘውን እጅ አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። መንገዱም እጁም በኋላ ይናገራሉ፤ ያን ጊዜ ግን ገንዘቡ ወጥቶ አልቋል። በአቃቂ ቃሊቲ በሚኖር በአንድ ቤተ ሰብ የሆነው ነገር ይህን የሚያስረዳ ስለ ሆነ እንደሚከተለው ይነገራል።

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለ፤ ለከተማው እንደ በር የሆነ አገር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነው፤ ከዚያም በኋላ የጨርቃ ጨርቅ፤ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች ተተከሉበት። በመስከረም ወር 2008 ዓመተ ምሕረት የተከፈተው የከተማ ቀላል ባቡርም ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ የደቡብ መጨረሻውን ያደረገው በቃሊቲ ነው። ነገር ግን ባቡር የሚያልፍበት አገር ሁሉ ለእግረኛ የተመቸ አይደለም። የአቃቂ መሬት አብዛኛው ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጫማና በጎማ ላይም ይለጠፋል። ወደ መንደር የሚያስገባው መንገድ ከፊሉ ኮብልስቶን ነው፤ ከፊሉ ጠጠር ነው፤ ከፊሉም ያው ዋልካው ነው። እናት ልጇን አዝላ የምትወጣና የምትወርደው በዚህ ላይ ነው።

በዚህ አገር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ከሚስቱና ከእናቱ ጋራ ይኖራል። በጥር ወር ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ሚስቱ በአንድ ድርጅት ተቀጥራ የምትሠራ ስለ ሆነች፤ በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ለወላድ የሚፈቅደውን፤ ይኸውም ከመውለዷ በፊት 30 ቀን ከወለደችም በኋላ 90 ቀን፤ ዐርፋ በሚያዝያ ወር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃኒቱ ከጧት እስከ ማታ የአያቷ ሆነች።

አያቲቱ ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት ነው። በወጣትነታቸው ከሃያ ዓመት በላይ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈትል ክፍል ሠርተዋል፤ አራት ልጆችም አሳድገዋል። አራቱን ልጆች ያዘሉበት አንቀልባ እስከ ዛሬ በቤታቸው አለ። ከለፋ ቆዳ የተሰፋ፤ በዛጎል ያጌጠ፤ ማንገቻውም ከብዙ ማገልገል የተነሣ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ ነው። አንቀልባ የተናቀ ዕቃ አይደለም። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን የእናቱን ትንፋሽ ይሰማል፤ ሙቀቷንም ይካፈላል፤ እግሩም በወገቧ ግራና ቀኝ ተከፍቶ ስለሚቀመጥ ለዳሌው አጥንት ደግ እንደ ሆነ ዛሬ ሐኪሞች ይመሰክራሉ። ያዘለችውም ሴት ሁለት እጇ ነጻ ነው። አያቲቱ ሕፃኒቱን አዝለው ቡና ይቈሉ ነበር፤ ሽንኵርት ይከትፉ ነበር፤ ለክትባትም በስድስት፤ በዐሥርና በዐሥራ አራት ሳምንቷ ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሷት በዚሁ በአንቀልባ ነው።

በሐምሌ ወር ሕፃኒቱን ሳል ያዛት። አያቲቱም የሥራ ሰዎቹን ሳይጠብቁ አዝለዋት ወደ ጤና ጣቢያ ወረዱ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር በቍልቍለቱ ላይ ድንጋዩ አንሸራተታቸው። ወደ ኋላ ቢወድቁ ሕፃኒቱ ከሥር ትውል ነበር፤ ስለዚህ ራሳቸውን ወደ ፊት ጥለው በሁለት ጕልበታቸው ወደቁ። ሕፃኒቱ ከእንቅልፏ እንኳ አልነቃችም። አያቲቱ ተነሥተው ጭቃውን ጠረጉ፤ ጤና ጣቢያም ደርሰው ተመለሱ፤ ማታም እራት አቀረቡ። ስለ መውደቃቸው ለማንም አልተናገሩም።

ልጃቸው ነገሩን የሰማው በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ልጅ አፍ ነው። «እማማ የወደቁ ዕለት» ብሎ ልጁ ሌላ ጨዋታ ሲጀምር ነገሩ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቢመለከት እናቱ የቤቱን ሁለት ደረጃ ግድግዳ ይዘው በጎን እንደሚወጡ አየ። ይህን ያህል ጊዜ አለማየቱ አሳፈረው። ነገር ግን ስለ ጕልበታቸው አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም አልነገሩትም። ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ትቶ ዕቃ ለመግዛት ቈረጠ።

ማታ በእራት ላይ «እማዬ፤ ለልጅቱ ጋሪ ልገዛ ነው። ከእንግዲህ አትዘያትም» አለ።

እናቱም እንጀራውን እየቈረሱ «ጋሪ ለፈረስ ነው፤ ለልጅ ጀርባ አለ» አሉ። ጥቂት ቈይተውም «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ዝም አሉ። በማግሥቱ አንቀልባውን አጥፈው በሣጥን ውስጥ አኖሩት፤ ሕፃኒቱንም በክንዳቸው ይዘው ዋሉ። ይህም ከማዘል ይልቅ ይከብዳል።

ሚስቱ ይህን ባየች ጊዜ ለብቻው ጠርታ እንዲህ አለችው፦ «አንተ ስለ ጋሪ ተናገርህ፤ እሳቸው የሰሙት ግን ሌላ ነው። ከእንግዲህ ለዚህች ልጅ አይጠቅሙም የተባሉ መስሏቸዋል።» እርሱም «እኔ ለእሷ ብዬ ነው» አለ። ሚስቱም «ለእሳቸው ብለህ ከሆነ ለእሳቸው ንገራቸው» ብላ መለሰችለት። እርሱ ግን አልነገራቸውም። ሐምሌና ነሐሴ እንዲሁ አለፉ፤ ገንዘቡም በጥቂት በጥቂቱ ተጠራቀመ።

በመስከረም ወር ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ ጋሪ ሊያይ ወጣ። የተማረ ሰው ስለ ሆነ ከመግዛቱ አስቀድሞ የነገሩን ታሪክ ፈለገ፤ ያገኘውም የሚከተለው ነው። ዊልያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ የሕንፃና የአትክልት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1733 ለዴቮንሽር መስፍን ልጆች መጫወቻ የሚሆን ጋሪ ሠራ፤ እርሱም በፍየል ወይም በትንሽ ፈረስ የሚሳብ ነበር። ሰው ከኋላ ሆኖ የሚገፋው የሕፃን ጋሪ የተለመደው ከዚያ መቶ ዓመት አልፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኦወን ማክላረን የሚባል መሐንዲስ፤ አስቀድሞ በስፒትፋየር የጦር አውሮፕላን ማረፊያ እግር ላይ የሠራ ሰው፤ ያን ዕውቀቱን ይዞ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ቀላል የአሉሚኒየም ጋሪ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ፊል ቤክለር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ልጁን ይዞ ለመሮጥ ፈልጎ በጋሪ ላይ የብስክሌት ጎማ ገጠመ፤ ትልልቅ ጎማ ያለው ባለ ሦስት እግር ጋሪ በዓለም የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ማታ ለቤተ ሰቡ ሲያነብ እናቱ ስለ ፍየሉ በሰሙ ጊዜ «አላልሁም? ድሮውንም ለእንስሳ ነበር» አሉ። ከሐምሌ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የተሳቀው ያን ጊዜ ነው።

በገበያ ያገኛቸው ጋሪዎች በሦስት ዐይነት የሚከፈሉ ነበሩ። አንደኛው እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈው ነው። ክብደቱ ቀላል፤ በሚኒባስ ታክሲም ከጕልበት ሥር የሚገባ ነው፤ ነገር ግን መንኰራኵሮቹ ከሻይ ስኒ ማስቀመጫ ብዙ የማይበልጡ ስለ ሆኑ በኮብልስቶን መካከል ያለው ክፍተት ይውጣቸዋል። በጠጠርም ላይ ሕፃኑን እንደ ወንፊት ይነፋዋል። ሁለተኛው ባለ አራት እግር፤ ነጭ ጨርቅና ጥላ ያለው ትልቅ ጋሪ ነው። እጅግ ያማረ ነው፤ ሕፃንም ተዘርግቶ ይተኛበታል። ሦስተኛው ባለ ሦስት እግር፤ ሁለት ትልልቅ ጎማ ከኋላ አንድ ደግሞ ከፊት ያለው፤ ያገለገለና ጨርቁም የደበዘዘ ነበር። ሰውዬው ልቡ በሁለተኛው ላይ ዐረፈ። ነጩ ጋሪ በደጅ ቆሞ ታየው፤ እንግዳም ገብቶ ሲያደንቅ ታየው።

ሚስቱ ግን «ከመክፈልህ በፊት እማማን ይዘሃቸው ሂድ» አለችው። «እሷ ስለ ጋሪ ምን ታውቃለች?» ቢላት «ሃያ ዓመት በመንኰራኵር መካከል የኖረ ሰው ነው የምትለኝ?» አለችው። መልስ አላገኘም። ስለዚህ በሦስተኛው ቅዳሜ እናቱን ይዞ ወደ መርካቶ ሄደ።

አያቲቱ ከሱቁ ገብተው ነጩን ጋሪ በዐይናቸው አለፉት። ባለ ሦስት እግሩን ግን «ገልብጥልኝ የኔ ልጅ» ብለው ሻጩን አዘዙት። ሻጩ እየሣቀ ገለበጠላቸው። እርሳቸውም የኋላውን ጎማ በጣታቸው አሽከርክረው ጆሯቸውን አስጠጉ። ጎማው ዞረ፤ ዞረ፤ በጸጥታም ቆመ። «ይህ ኩሽኔታው ደኅና ነው» አሉ። የፊቱንም እንዲሁ አደረጉ፤ «ይህ ግን ደርቋል፤ ቅባት ይሻል፤ ወደ ግራም ይስባል» አሉ። ሻጩ ሣቁን ተወ። ቀጥለውም ፍሬኑ የት እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ፍሬኑን ረግጠው በሁለት እጃቸው ገፉት፤ አልተነቃነቀም።

ልጃቸውም «እማዬ፤ ባለ አራቱ አይሻልም? አራት እግር ያለው ይበልጥ ይቆማል» አለ።

«ጉልቻ ስንት ነው?» አሉት።

«ሦስት።»

«አራተኛ ለምን አልተጨመረም?»

እርሱም ዝም አለ።

«በአራት ጉልቻ ላይ ድስት ብትጥድ አንዱ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ድስቱም ይወዛወዛል። በሦስት ላይ ከጣድህ ግን መሬቱ ጠማማ ቢሆንም ድስቱ ይቀመጣል። የእኛ መንገድ ሜዳ ነው?» አሉት።

ይህ አነጋገር የዕድሜ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ቅርጽ ሊቃውንት የሚያስተምሩትም ይኸው ነው። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ገጽ ላይ ይውላሉ፤ አራተኛው ግን ሊዋልም ላይዋልም ይችላል። ስለዚህ በወጣ ገባ መንገድ ላይ ጠንካራ ባለ አራት እግር ጋሪ አንዱን እግሩን በአየር ላይ ይሰቅላል፤ ባለ ሦስቱ ግን ሦስቱንም መሬት ያስነካል። ትልቅ ጎማም ትንሹ የሚገባበትን ክፍተት ተሻግሮ ያልፋል። ይሁን እንጂ ባለ ሦስት እግር የራሱ ድካም አለው። በዝግታ ሲሄድ እጅግ የተረጋጋው፤ በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ ጎን ይጋደላል። ባጃጅ በመታጠፊያ ላይ ስትገለበጥ ያየ የአቃቂ ሰው ይህን ማስረጃ አይሻም። ስለዚህ የኋላ ጎማዎቹ የተራራቁና መቀመጫው ዝቅ ያለው ይመረጣል፤ በመታጠፊያም ላይ እግርን ማብረድ ይገባል።

የቀረውንም ነገር እናትና ልጅ አብረው መረመሩ። የፊተኛው ጎማ በደልዳላ ስፍራ እንዲዞር፤ በጠጠርና በቍልቍለት ደግሞ ቀጥ ብሎ እንዲቈለፍ ሆኖ ተሠርቷል። የሕፃኑ ቀበቶ በሁለት ትከሻ፤ በሁለት ወገብና በእግር መካከል በአምስት በኩል የሚይዝ ነው። በእጀታው ላይ ጋሪው ቢያመልጥ የሚይዝ የእጅ ማሰሪያ ጠፍር አለ፤ ለአቃቂ ቍልቍለት ከጌጥ ሁሉ የሚበልጥ ይህ ነው። የኋላ ጎማው መጠን 12 ኢንች፤ ይኸውም የልጆች ብስክሌት ጎማ ልክ ስለ ሆነ፤ ቢተነፍስ በሰፈር ያለ ጎሚስታ ይጠግነዋል፤ ዕቃ ከባሕር ማዶ አያስጠብቅም። እንዲህ ያለው ጋሪ ራሱን ችሎ መቀመጥ ላልጀመረ ጨቅላ አይሆንም፤ ሕፃኒቱ ግን ስምንት ወር አልፏት መቀመጥ ችላ ነበር። ነውሩም አልተሰወረም። ቢታጠፍ እንኳ ሰፊ ስለ ሆነ በሚኒባስ የሰው ቦታ ይወስዳል፤ ረዳቱም ሒሳብ ይጠይቅበታል። አያቲቱ «እኔ ታክሲ ምን ያደርግልኛል? መንገዴ ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ፤ ከቤት እስከ ጉሊት ነው» ብለው ይህን ነገር ዘጉት። የፊቱ ጎማ ወደ ግራ በመሳቡም ምክንያት ዋጋውን አስቀነሱ። የደጁን በር ስፋት በክር ለክተው መምጣታቸውንም ልጃቸው ያወቀው ያን ጊዜ፤ ክሩን ከመቀነታቸው አውጥተው በጋሪው ላይ ሲዘረጉት ነው። የማይፈልጉትን ጋሪ በር የሚለካ የለምና ልቡ ተነካ፤ ሆኖም አሁንም ምንም አልተናገረም።

በጥቅምት ወር ሕፃኒቱ ዘጠኝ ወር ሞላት፤ የኩፍኝ ክትባቷም ደረሰ። ሰውዬው ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ አብሮ ሄደ። ጋሪውን የገፉት አያቲቱ ናቸው። ልጆች እየተንጫጩ ተከተሉ፤ የጉሊት ሴቶችም ሚዛናቸውን ይዘው ተመለከቱ። እጀታው ለእርሳቸው መደገፊያ ስለ ሆናቸው ከወትሮው ይልቅ ቀጥ ብለው ይራመዱ ነበር። ሐምሌ ከወደቁበት ቍልቍለት ሲደርሱ የእጅ ማሰሪያውን በክንዳቸው አጠለቁ፤ ጋሪውንም እየያዙ በዝግታ ወረዱ።

በጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ አንዲት አሮጊት ሕፃኒቱን በጋሪው ውስጥ ባዩ ጊዜ ፊታቸው በኀዘን ተለወጠ። በመንኰራኵር የሚሄድ ሰው እግሩ የማይረዳው ብቻ መስሏቸው ነበርና «እኔን! ምን ሆና ነው? እግሯን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰውዬው ተቈጥቶ ሊመልስ ሲል እናቱ ቀደሙት። «ልጅቱስ ደኅና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የታመመው የእኔ ጕልበት ነው። በክረምት አዝያት ወድቄ ነበር» አሉ።

ይህን ያሉት ለማያውቋቸው ሴት ነው፤ የሰማው ግን ልጃቸው ነው። ሦስት ወር በቤት ውስጥ ተሰውሮ የኖረው ነገር በወረፋ መካከል ወጣ። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ፤ ዐውቄ ነበር» አላቸው። እርሳቸውም ሳይመለከቱት «እኔም ማወቅህን ዐውቄ ነበር» አሉት። ከክትባቱ በኋላ ወደ ቤት አልተመለሱም፤ በዚያው ቀን ካርድ አውጥቶ ጕልበታቸውን አስመረመራቸው።

ጋሪው ችግሩን ሁሉ አልፈታም። በዚያው በጥቅምት ወር ያለ ወቅቱ ዝናብ ዘነበ፤ ዋልካው በጎማዎቹና በሹካቸው መካከል ተጠቅጥቆ ጋሪው ከደጅ እንዳይርቅ አደረገ። ያን ጊዜ አንቀልባው ከሣጥን ወጣ። ያዘለው ግን አባቲቱ ነው። እናቱ ማንገቻውን እንዴት በደረቱ ላይ አሳልፎ እንደሚያስር አሳዩት፤ የሰፈሩም ሰዎች ለጋሪው ከሣቁት ይልቅ ለእርሱ ሣቁ። ከዚያም ወዲህ በቤቱ ሥርዐት ሆነ። ጧት ጧት አያቲቱ ከደጅ ቆመው መንገዱን ያያሉ፤ ደረቅ ሲሆን «ጋሪው» ይላሉ፤ ጭቃ ሲሆን «አንቀልባው» ብለው ልጃቸውን ወይም ምራታቸውን ይጠራሉ። ፍርዱ የእርሳቸው ነው፤ የሚከራከራቸውም የለም።

አንባቢ ሆይ፤ ለልጅህ ጋሪ የምትመርጥ ብትሆን ጎማውን፤ ፍሬኑን፤ ቀበቶውንና የበርህን ስፋት ተመልከት፤ ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ባለ ሦስት እግር ለወጣ ገባ መንገድ፤ ተጣጣፊው ለታክሲና ለአስፋልት፤ ትልቁ ባለ አራት እግርም ለሰፊ ግቢ እንደሚስማማ ዕወቅ። ከዚህ ሁሉ አስቀድመህ ግን እስከ ዛሬ ልጅህን በጀርባው የተሸከመው ማን እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ጠይቀህም ያንን ሰው ወደ ሱቁ ይዘኸው ሂድ። ሸክሙን የተሸከመ ሰው ስለ ሸክሙ ያውቃልና። ባይጠየቅ ግን ዕረፍት ይሆነው ዘንድ የተገዛለት ዕቃ እንደ ስንብት ሊሆንበት ይችላል።